የጉም አምባ በሮች

በአንድ ወቅት፣ የወለደች ልጄን ልጠይቅ ደሴ ሄጄ ሳለሁ፣ ሦስት ሰዎች ከጉም አምባ ወርደው ማልደው መጡ። በሩ ክፍት ነበር። ሆኖም አልገቡም፤ «ቤቶች!» ብለውም አልተጣሩም። ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ሸማኔው እብሬ ቆቡን አውልቆ በእጁ ጨብጧል። ሠዓሊዋ መዲና መሬት መሬት ታያለች። መንዙማ የሚያዜመው ኑርሁሴን፣ ዝም ማለት የማያውቀው ልጅ፣ ድቤውን ሳያነግት መጥቷል።

«እትዬ ሉባባ፣ ቁርስ ቀመሱ?» አለች መዲና።

«ከጉም አምባ ድረስ ስለ ቁርሴ ልትጠይቂኝ መጣሽ?» አልኳት። ይህን ስል ግን ገብቶኝ ነበር። ሦስቱ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። አብረው የመጡት አንዱ ብቻውን ሊሸከመው የማይችል ነገር ቢኖር ነው።

«ይማም...» አለ እብሬ። የቀረውን አልጨረሰውም። «አብሽሪ ሉባባ። አብሽሪ።»

ኑርሁሴን ጠጋ ብሎ አንድ የብረት ቁልፍ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ባሌ ይማም ከአንገቱ አውልቆት የማያውቅ ቁልፍ ነው። ክሩ ገና የአንገቱን ጠረን ይዟል።

እየቆየ እንዳይደበዝዝብኝ ይህን እጽፋለሁ። ደግሞም ሦስቱ ከመርዶው ጋር አንድ ጥያቄ ይዘውልኝ መጥተው ነበር። እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። እናንተ ብትመልሱልኝ ብዬ ከመነሻው እነግራችኋለሁ።

ጉም አምባ ከአስፋልቱ በላይ፣ ተራራ ጫፍ ላይ የተካበ የድንጋይ መንደር ነው። ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው፤ የታችኛው ጣሪያ ለላይኛው ግቢ ይሆነዋል። ማለዳ ማለዳ ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ ዙሪያችንን ሲሞላ፣ ልጆች ሳለን፣ መንደሩ ከመሬት ተለቆ የሚንሳፈፍ ይመስለን ነበር። እዚያ ላይ ትልቅ ዛፍ አይበቅልም። ስለዚህ በር ውድ ነው። የወይራው ሳንቃ ከሩቅ በሰው ትከሻ ይመጣል። ለልጁ የሚያወርሰው መሬት ያጣ አባት በር ያወርሰው ነበር።

መብራቱም ትምህርት ቤቱም ታች አስፋልቱ ዳር ሲሆን ሰው መውረድ ጀመረ። የሚወርድ ሰው ዕቃውን ሁሉ ካወጣ በኋላ በሩን ነቅሎ ጀርባው ላይ ያዝለዋል። ከሩቅ ለሚያይ፣ በሮቹ በገዛ እግራቸው ቁልቁል የሚሄዱ ይመስል ነበር። በር የሌለው ቤት ደግሞ መጀመሪያ ፍየል ይገባበታል፣ ቀጥሎ ጅብ፣ ቀጥሎ ዝናብ። ጉሙም ማንንም ሳያስፈቅድ በአንዱ ቤት ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር።

መጨረሻ የወረድነው እኔና ይማም ነን። ጉልበቴ ከምንጩ ውሃ ተሸክሞ መውጣትን እምቢ ስላለኝ ነው።

«በሩንስ?» አልኩት በወረድን ቀን።

«በሩን የነቀለ ሰው መመለስ አላሰበም» አለኝና ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ እየወጣ ቤቱን ይጠርጋል፣ ደጁ ላይ ጥቂት ይቀመጣል፣ ቆልፎ ይመለሳል። መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች ይቀልዱበታል።

«ይማም፣ ዛሬስ ማን እንግዳ አለብህ?»

«ነፋስ» ይላቸዋል። «ብዙ አይበላም።»

መጀመሪያ የመጣው እብሬ ነው። ከተማ ውስጥ ተከራይቶ ሸማ ሲሠራ፣ አከራዩ የመወርወሪያህ ድምፅ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ አስወጣው። ገበያ መካከል የእንጨት ዕቃውን ተደግፎ ቆሞ ሳለ ይማም አገኘው።

«እኔ ባዶ መንደር አለኝ» አለው ይማም። «ብቻ በር የለውም።»

«እኔ ሸማኔ ነኝ» አለ እብሬ። «በር እሸምናለሁ።»

ይማም ቀልድ መስሎት ሳቀ። እብሬ ግን ለገበያ ያዘጋጀውን ድርና ማግ አንድም ሳያስቀር ወፍራም መጋረጃ አድርጎ ሸመነው፤ በየባዶው ደጃፍም ሰቀለው። ክረምቱን እዚያ ብቻውን ከረመ። ጨርቁ ዝናብ ሲጠጣ አውርዶ ይጨምቃል፣ መልሶ ይሰቅላል። ጅቡ መጥቶ እያሸተተ ተመለሰ። ጉሙም፣ ይማም እንደነገረኝ፣ ያን ጊዜ ነው ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቅን የተማረው። መስከረም ሲጠባ ከአስፋልቱ ቀና ያለ ሰው ሁሉ ተራራው ጫፍ ላይ ነጫጭ በሮች አየ። ያንን አይተው ሌሎች ባለ እጆች ወጡ፤ ሸክላ የምትሠራ፣ እንጨት የሚቀርጽ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ከተማው ቦታ የነፈጋቸው ሁሉ።

መዲና ከእነዚህ ጋር መጣች። ጥፍሯ ሥር ሁልጊዜ ቀይ አፈር አለ። ነጫጩን ጨርቅ ቀን ከቀን ስታየው ሰነበተችና አንድ ቀን «ይህ መንደር ከፈን ለብሷል» አለች። እብሬ ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳላትም። እሷ ግን ወደ አስፋልቱ ወረደች። የጉም አምባ በሮች አሁን የቆርቆሮ ቤቶች ላይ ተገጥመዋል፤ በእያንዳንዳቸው ፊት እየተቀመጠች መሣል ጀመረች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» ይሏታል ባለቤቶቹ።

«በሩን።»

«አይሸጥም!»

«ላየው ብቻ ነው።»

አንዱ በሬ የወጋው ጠባሳ አለው። አንዱን ከታች እሳት ልሶታል። አንዱ ላይ እናት የልጆቿን ቁመት እየለካች በቢላ ቆርጣበታለች። ይህን ሁሉ ይዛ ወጣችና እብሬን ሳታስፈቅድ ጨርቆቹ ላይ በቀይ አፈርና በጥላሸት የእያንዳንዱን ቤት በር በየቦታው ሣለችው።

«ጨርቄን አጨቀየሽው!» አለ እብሬ።

«በር አደረግኩልዎ እንጂ፣ ጋሽ እብሬ።»

«በር ሲቆረቁሩት ይጮኻል። ያንቺ ይጮኻል?»

«የእርስዎስ ይጮህ ነበር?»

ወሬው ታች ሲደርስ ባለቤቶቹ ሊያዩ ወጡ። አንድ ሽማግሌ የገዛ በሩ ሥዕል ፊት ደርሶ ሳያስበው እጁን ወደ መቀርቀሪያው ሰደደ። እጁ ጨርቅ ሲነካ ጊዜ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ብዙዎች አለቀሱ። ሲመሽ ግን ሁሉም ወደ ቆርቆሮ ቤታቸው ወረዱ።

ኑርሁሴን ድቤውን በትከሻው አንግቶ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከእንጨት ቀራጩ ጋር ተጠግቶ አደረና ጠዋት መንደሩን ዞረ።

«ሁሉም ሰው እነዚህን በሮች ያያል» አለ። «ማንም ግን አልተጣራባቸውም።»

በእኛ አገር ሰው ቤት የመጣ እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ባለቤቱ ከውስጥ «ደጆች!» ብሎ ይመልሳል። ሳይመልስ ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ኑርሁሴን የየቤቱን ባለቤት ስም ከይማም ጠይቆ አጠና። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከበር በር እየዞረ፣ በስማቸው «ቤቶች!» እያለ መጣራት ያዘ። ሰው መቀነቱን አጥብቆ እስኪነሳ የሚበቃውን ያህል ይጠብቃል። መልስ ሲያጣ ድቤውን እየመታ ለዚያ ቤት ሰዎች፣ ለሞቱትም ላሉትም፣ የምርቃት መንዙማ ያዜምላቸዋል።

«ድንጋዩ ሲመልስልህ ጥራኝ» ይለዋል እብሬ ከመወርወሪያው ቀና ሳይል።

«ጋሽ እብሬ፣ ድንጋይ ቶሎ አይመልስም። ታገሡኝ።»

አንድ ጠዋት ነፋሱ ቁልቁል ነፈሰ። እማማ ሰዓዳ፣ የመንደራችን ትልቅ ሴት፣ አስፋልቱ ዳር ማሽላ ሊያሰጡ ጎንበስ ባሉበት «የሰዓዳ ቤቶች!» የሚል ሰሙ። ቀና አሉና ባላቸው ጉልበት ወደ ላይ «ደጆች!» ብለው ጮኹ። የጭነት መኪና ረዳት አንገቱን አውጥቶ አያቸው።

«እማማ፣ ማን ጠራሽ?» አሏቸው ልጆቻቸው ሮጠው መጥተው።

«ቤቴ እንግዳ ቆሟል። እኔ እዚህ ማሽላ አሰጣለሁ! በሩን ንቀሉልኝ።»

«ምን በር?»

«ስንት በር አለኝ? የአባታችሁን በር!»

ይማም ይህን ሲሰማ ማንም አልያዘውም። የሰዓዳ ልጆች በየተራ ያዝላሉ፣ እሱም ተራዬ ነው እያለ ይቀማቸዋል። ላይ ያሉት ሦስቱ ሊቀበሏቸው ወረዱና መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ማረፊያው ድንጋይ ጋ ተገናኙ። ይማም በሩን ከድንጋዩ አስደግፎ፣ እሱም በሩን ተደግፎ ተቀመጠ። ፊቱ በላብ ርሷል፤ ግን ይስቅ ነበር አሉኝ። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀ።

«ቤቴን መንደሩን ላቆመው ስጡት» አለ። «ለአንድ ሰው። የሦስት ሰው ጣሪያ ያፈሳል፤ አንዱ አንዱን ያያል እንጂ የሚደፍነው የለም። ማን እንደሆነ ሉባባ ታውቃለች።»

ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ አለፈባቸው። ሲገፈፍ ይማም በሩን እንደተደገፈ ዓይኑን ከድኗል።

ቁልቁል ይውረድ ወይስ ሽቅብ ይውጣ ብለው አልተከራከሩም። በሩ ላይ አጋድመው ወደ ላይ ተሸከሙት። ወደ ጉም አምባ የተመለሰው የመጀመሪያው በር የገባው እንዲህ ነው። ታች ያለው ሰው ለቀብር ወጣ። በእብሬ ጨርቅ ሥር ተጠለለ፣ የመዲናን ሥዕል ዳሰሰ፣ ኑርሁሴን ስሙን ሲጠራ «ደጆች» አለ። በማግስቱ ሌላ በር ወጣ። ከዚያ ሌላ። በበጋው ውስጥ ተራራውን ቀና ብሎ ያየ ሰው በሮች በገዛ እግራቸው ሽቅብ ሲሄዱ አየ። ልጆች እቃቃ ሲጫወቱ ሰማሁ፣ እዚያ ላይ።

አሁን ችግሩን ስሙ። ባለቤቶቹ በራቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ ያደሩባቸውን ቤቶች ባለ እጆቹ ለቀቁ። ሸክላ ሠሪዋም እንጨት ቀራጩም ከየባለቤቱ ጋር ተስማምተው ጥግ አገኙ። የእብሬ የሽመና ዕቃ ግን ሙሉ ክፍል ይበላል። የመዲና አፈርና ውሃ የሰው ወለል ያበላሻል። ድቤ ያለውን ሰው ደግሞ ማን ያስጠጋል! ሰው ያልተመለሰበት አንድ ቤት ብቻ ቀረ፤ የይማም። ከሦስቱ አንዱ ይቀራል፣ ሁለቱ ይወርዳሉ። ልጆቼም አባታችን ያለው ይሁን ብለዋል።

ለአርባው ሰደቃ ሦስቱን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው።

«እኔ ስመጣ ሌላ ማንም አልነበረም» አለ እብሬ። «ያን ክረምት ብወርድ ኖሮ የሚሣልበትም የሚጣሩበትም አይኖርም ነበር። ግድግዳው ዛሬ የፍየል መቀመጫ ይሆን ነበር።»

«ነጩን ጨርቅ አይቶ ማንም አላለቀሰም» አለች መዲና። «ሰው የራሱን ጠባሳ ሲያይ ነው ቤቱ የሚናፍቀው። እኔ ባልሥል የማንን በር ይዘው ይመለሱ ነበር?»

«አለቀሱ፤ እውነት ነው» አለ ኑርሁሴን። «አልቅሰውም ወረዱ። የተመለሱት ሲጠሩ ነው።»

«በጩኸት የቆመ ቤት የት አየህ?» አለ እብሬ።

«በጨርቅ የቆመበት አገር፣ ጋሽ እብሬ።»

ሦስቱም ሳቁ። ሳቃቸው ነው የከበደኝ። ቢጣሉ ይቀለኝ ነበር።

እማማ ሰዓዳ ከጥግ ሆነው ሲሰሙ ቆዩና «ልጆች፣ አትድከሙ» አሉ። «እኔ ተጠርቼ ወጣሁ። ሌላው ሰው ግን የወጣው ይማምን ሊቀብር ነው። መንደሩን ያቆመው እሱ ነው። ሉባባ፣ ቆልፈሽ ተይለት።»

ቃላቸው ልቤን ነካው። ነገር ግን የሞተ ሰው ቤት አይጠርግም። ሰው ያልኖረበትን ቤት ምስጥ እንጂ ማን ይወርሰዋል? ይማምም ስጡ እንጂ ቆልፉ አላለም።

ክረምት እየመጣ ነው። ሦስቱ ከአርባው ወዲህ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ዕቃቸውን ግን በይማም ደጅ ላይ በሸራ ሸፍነው አስቀምጠዋል፤ ሳልፍ አየዋለሁ። ይማም ሉባባ ታውቃለች ብሎ አረፈ። ሉባባ ግን አታውቅም። ቁልፉ አሁን የእኔ አንገት ላይ ነው። አርብ አርብ በዚህ ጉልበቴ እወጣለሁ። ከመክፈቴ በፊት ደጁ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» እላለሁ። ሰው መቀነቱን አጥብቆ እስኪነሳ የሚበቃውን ያህል እጠብቃለሁ። ጉሙ አጠገቤ ቆሞ አብሮኝ ይጠብቃል።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ደጃፉን የዘጋው ነው፣ በሩን ያስታወሰችው ናት፣ ወይስ ባለቤቱን የጠራው? ቁልፉ ለማን ይገባል?

ተከራከሩበት፤ ድምፃችሁም ከፍ ይበል፣ ይማም ክርክር ይወድ ነበር። ከመነሳታችሁ በፊት ግን እጃችሁን ዘርጉና ለእሱ ዱዓ አድርጉለት። በሰው በር ላይ ተጋድሞ ወደ መንደሩ ገብቷልና፣ አላህ የጀነትን በር ይክፈትለት። አሚን በሉልኝ።