የእናኑ ቀለብ በእኔ ይፈረድ

በአንድ ወቅት፣ በአንድ የቆላ መንደር፣ የውብዳር የምትባል ሴት ሞተች።

የስድስት ዓመት ልጇን እናኑን ትታ ነው የሞተችው። ባሏ እንየው ገና ወጣት ነው። የአርባዋ ተዝካር ካለፈ በኋላ የልጅቱን ፀጉር ራሱ ሹሩባ ይሠራላት ጀመር። አንዱ ሹሩባ ወደ ቆላ፣ አንዱ ወደ ደጋ ይሄዳል። የሰፈሩ ሴቶች «እንየው፣ ይሄንን በበሬ ነው ያረስከው?» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። የውብዳር ካረፈች ወዲህ የሳቀው በዚያ ብቻ ነበር።

መስከረም ሲደርስ እናኑን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ ሄደና ቅጽ ተሰጠው። «የአባት ስም» የሚለው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። የራሱን ስም መጻፍ ፈልጓል፤ ዳሩ ግን አልወለዳትምና ሳይጠይቁ መጻፍ ነውር መሰለው። ሄዶ እንደ እሱ አባቷ ነን የሚሉ ሁለት ሰዎች ጠየቀ። ስህተቱ መጠየቁ ነበር።

በሳምንቱ ሦስቱም ወረዳ ፍርድ ቤት ቆሙ። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው፦ «ክብርት ዳኛ፣ የእናኑ ቀለብ በእኔ ላይ ይፈረድ።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዕድሜዬን የፈጀሁት ከቀለብ የሚሸሽ አባት ሳስፈልግ ነው። ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» አሉ። ችሎቱ ሳቀ። «እንግዲያው ስሙኝ። ቀለቡ የሚፈረድበት ሰው ስሙ ቅጹ ላይ ይጻፋል፤ ልጅቱም የምትኖረው ከእሱ ጋር ነው። ተናገሩ።»

ለእንየው ቤቱ ውስጥ የቀረችለት ነፍስ እሷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ደምለው ተነሣ። የወለዳት እሱ ነው። የውብዳር ስታረግዝ ጥሏት ጠፋ፤ ኋላ ፍርድ ቤት አስፈልጎ አመጣውና ቀለብ ቆረጠበት። ከዚያ ወዲያ አንድም ወር አላጓደለም። የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ሰጠ። በረዶ አዝመራውን በመታበት ዓመት እንኳ በሰው እርሻ ላይ አጭዶ፣ ያገኘውን ጤፍ የውብዳር ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በሩን አንኳኩቶ ግን አያውቅም፤ ያፍራል። «የአብራኬ ክፋይ ናት። ሕግ ያዘዘኝን አንድ ቀን አልዘለልኩም» አለ።

ቀጥለው አያ ዳኘው ተነሡ። ንብ አናቢ ናቸው፤ ልጅ የላቸውም። ደምለው በጠፋበት ዓመት አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው ሕፃኗን እንደ ጡት አጠቧት። በአገሩ ልማድ እንዲህ ያደረገ ሰው የጡት አባት ይባላል፤ ልጄ አይደለችም ብሎ አይመለስም። «የበላሁትን ትበላለች፤ ስሞት ትወርሰኛለች» ብለው በሽማግሌ ፊት ማሉ። ወባ ሲይዛት ቀኑን ሙሉ አዝለው ጤና ጣቢያ ያደረሷትም እሳቸው ናቸው።

«ይሄን ያመጣው ፖሊስ ነው» አሉ ወደ ደምለው እያዩ። «እኔን ማን ጠራኝ? በገዛ አፌ ነው የታሰርኩት።»

«አያ ዳኘው፣ ማር ያልቃል፤ ደም ግን አያልቅም» አለ ደምለው።

«ደምህማ ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ከረመ፣ ልጄ!»

ችሎቱ እንደገና ሳቀ።

እንየው የተነሣው በመጨረሻ ነው። እናኑን ያገኛት በሁለት ዓመቷ፣ እናቷን ሲያገባ ነው። ሕግ አላዘዘውም፤ ለማንም አልማለም። ልብሷን ያጥባል፣ ያጎርሳታል፣ ገበያ በትከሻው ተሸክሟት ይወጣል። የደምለውን ላም የሚያልባት፣ የአያ ዳኘውን ማር ዳቦ ላይ የሚቀባላት እሱ ነው።

«አንተን ማን ያዘህ?» አለው ደምለው። «ወጣት ነህ፤ ነገ ሌላ ታገባለህ።»

«ማንም አልያዘኝም» አለ እንየው። «መሄድ እችል ነበር፤ አልሄድኩም። ክብርት ዳኛ፣ አሁን ግን ሕግ ይያዘኝ።»

ዳኛዋ እናኑን አስጠሩና «የኔ እመቤት፣ አባትሽ የትኛው ነው?» አሏት።

ልጅቱ ሦስቱንም በተራ አየች። «የወተቱ? የማሩ? ወይስ ፀጉሬን የሚያበላሸው?»

ዳኛዋ ራሳቸው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ለነገ ቀጠሩ፤ ቅጹም እስከዚያ ባዶውን ይቆይ አሉ።

እንየው ልጅቱን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። ላሟን አለበ። ዳቦውን ማር ቀባ። ከዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ነገ ችሎት ፊት እንድታምር፣ ፀጉሯን ፈትቶ እንደገና ሠራላት። የዚያን ቀን ሹሩባው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ አለ።

እናንተ ሰሚዎች፣ ዳኛዋ ነገ ከመፍረዳቸው በፊት እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሕግ ያዘዘው፣ መሐላ ያሰረው፣ ወይስ ማንም ያልያዘው? የእናኑ ቀለብ በማን ላይ ይፈረድ?