ቤቱን ያላየው ጠበቃ

አንዲት ሴት ቤት ልትገዛ ተነሣች። ስሟን አልጠራም፤ በሕይወት አለች፣ ከተማዋም ከዚህ ሩቅ አይደለችም። አዋላጅ ነርስ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በገጠር ጤና ጣቢያ ስትሠራ ኖራ ወደ ከተማ ተዛወረች። ከተማ ከገባች ወዲህ አምስት ቤት ተከራይታለች። አምስት ጊዜ ፍራሿን ጠቅልላለች። አከራይ በተቆጣ ቁጥር አንገቷን ደፍታለች። የሰውን ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲገባ በእጇ የምትቀበል ሴት፣ ለራሷ የምትገባበት በር አልነበራትም።

ይህች ሴት ቤት ብትመኝ ኃጢአት ነው? አይደለም። ማንም እንዲህ ብሎ እንዳይፈርድባት።

በደላላ በኩል ቤቱ ተገኘ። ሁለት ክፍል ነው፤ ጓሮው ውስጥ አንድ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ሻጩ ጌዲዮን የሚባል ጐልማሳ ነው። ዋና ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ፣ ቤቱ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም አለ። ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይዟል፤ ማኅተም አለበት። የቤቱም ካርታ በስሙ ነው።

ሆስፒታል አብራት የምትሠራ ባልደረባዋ ግን ጠበቃ ሳታማክሪ እንዳትፈርሚ ብላ ወደ አቶ ኤርሲዶ ላከቻት። የእኒህን ሰው ስም እጠራለሁ፤ ሊጠራ የሚገባው ስም ነው። ቢሯቸው ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጐን ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሄደች። አቶ ኤርሲዶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና ጠረጴዛው ላይ አኖሯቸው። ከዚያ ይጠይቋት ጀመር። አሁን እዚያ ቤት ውስጥ ማን አለ? አጥር የሚጋሩት እነማን ናቸው? ሰውየው ዕድር ገብቷል? መቼ ነው የሠራው ቤቱን? ከማን ጋር?

አንዱንም አታውቅም።

«ዐሥር ቀን ስጪኝ፣ ልጄ» አሏት። «መሬት አስተዳደር ሄጄ ማኅደሩን በዓይኔ አያለሁ። ሰፈሩንም በእግሬ እዞራለሁ። ከዚያ በኋላ ግዢ ወይም ተዪ እልሻለሁ።»

ዐሥር ቀን በዛባት። ደላላው ሐሙስ ዕለት ሌላ ገዢ ይመጣል ብሎ አስጨንቋታል። ደግሞስ የአቶ ኤርሲዶ ወንበር አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ነው። የኮታቸው ክርን ሳስቷል። ገበያ ውስጥ ጐንበስ ብለው ሽንኩርት ሲመርጡ አይታቸዋለች። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ሽንኩርት ሲመርጥ ያያችሁትን ሰው ትልቅ ሰው ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኛ እኮ ሰባኪ እንኳ ከሩቅ ካልመጣልን ፊተኛውን ወንበር አንለቅለትም!

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አንዱ ነገሩን ሰማና ጠራት። የእኔ ዘመድ ዋና ከተማ ውስጥ የታወቀ ጠበቃ ነው፣ የትልልቅ ኩባንያዎችን ውል የሚያዋውል ነው፣ ደግሞም የጌታ ልጅ ነው አላት። እሷ ሽማግሌዋን አመነች። ብታምን ምን ይገርማል? እኛው አይደለንም ሽማግሌዎቻችሁን እመኑ ብለን ያስተማርናት? ወረቀቶቹ በስልክ ፎቶ ተነሥተው ተላኩ። በማግስቱ መልስ መጣ። ሁሉም የተሟላ ነው፣ መጥታችሁ ፈርሙ የሚል።

ሄደች። ሕንፃው አሳንሰር አለው፤ ቢሮው ምንጣፍ አለው። ሻጩም በሰዓቱ ተገኘ። ጠበቃው ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፤ እሷም አሜን አለች፤ ሻጩም አሜን አለ። ውሉ በሕግ ፊት ተፈረመ፤ የዕድሜዋ ጥሪት ወደ ሻጩ እጅ ገባ። ከመድረሷ እስከ መመለሷ ግማሽ ቀን አልፈጀም።

ያ ጠበቃ ቤቱን አላየውም። ያቺን ከተማ ረግጧት አያውቅም። አንድ ጐረቤት አልጠየቀም። የጠየቀው የሥራውን ዋጋ ብቻ ነው።

በቀጣዩ እሑድ መድረክ ላይ ወጥታ ምስክርነት ሰጠች። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። በዚያ ቀን የተጋበዝኩት ሰባኪ እኔ ነበርኩ። ማይክሮፎኑን በእጄ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ እኔንም ጨምሮ፣ «ለመሆኑ ቤቱን ማን ሄዶ አየልሽ?» ያላት አንድ ሰው አልነበረም። እልልታ ምን ያስከፍላል? ምንም። መሄድ ግን እግር ያስከፍላል።

ቤቱ በገባች በአራተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰው የውጭውን በር ሊከፍት ሲታገል ሰማች። ቁልፍ ይገባል፤ አይዞርም። ይወጣል፤ እንደገና ይገባል። ስትገባ የበሩን የቁልፍ ጋን አስቀይራው ነበርና። ወጥታ ከፈተች። ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች ከጐኗ፣ ጓዟ እግሯ ሥር፣ ቁልፉን እንደያዘች ቆማለች።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አለቻት ነርሷ።

«ቤቴን» አለች ሴትዮዋ።

ብርቄ ትባላለች። የጌዲዮን ሚስት ናት፤ ከተጋቡ ዐሥራ አንድ ዓመታቸው። ያ ቤት ሲሠራ ጭቃውን የረገጠችው እሷ ናት። አባቷ ታመው ልታስታምም አገር ቤት ሄዳ አምስት ወር ቆየች። አስታምማ፣ ቀብራ፣ ሐዘን ተቀምጣ ተመለሰች። ባሏ ስልክ ማንሣት ካቆመ ሰንብቷል። ሥራ በዝቶበት ነው ብላ ነበር የመጣችው። ያላገባ ነው የሚለውን ወረቀት ማንም በማያውቀው ቦታ ሄዶ እንዴት እንዳወጣው እሱና አምላክ ያውቃሉ።

ጐረቤት ተሰበሰበ። እነሱስ ቤቱን ባልና ሚስቱ ተማክረው የሸጡት መስሏቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዲት እናት ነርሷን አይተው እንዲህ አሉ፤ «እኛ እኮ የትም አልሄድንም፣ እዚሁ ነን። ማን መጥቶ ጠየቀን?»

ይህን ቃል ስሙት። ማን መጥቶ ጠየቀን?

ነርሷ ምን ታድርግ? ሕጋዊ ውል በእጇ አለ። ብርቄንና ልጆቹን ከደጅ ልትመልሳቸው ትችል ነበር። አንጀቷ ግን አልቻለም። አንዱን ክፍል ለቀቀችላቸው። እንዲህ ሆነው ሁለት የተበደሉ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ስምንት ወር ኖሩ፤ አንድ ማድቤት፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ በመካከላቸው አንድ ስስ ግድግዳ። አይሰዳደቡም፤ ግን አይነጋገሩም። ብርቄ ሽያጩ እንዲፈርስላት ፍርድ ቤት ከሰሰች።

ነርሷ ለዚያ ለትልቁ ጠበቃ ደወለች። አንድ ጊዜ አይደለም፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ደወለች። ሲያነሣ ምን አላት መሰላችሁ? ወረቀቱ የተሟላ ነበር አላት። እኔ የምጠየቀው በወረቀቱ ነው፣ ሰው ከወረቀቱ ጀርባ ለሚሠራው ሥራ አልጠየቅም አላት። ይህ ሲገርማችሁ የባሰውን ስሙ። መፍትሔ አለኝ አለ። ቀጠሮ እያስረዘምን እንጐትተዋለን፤ ሴትዮዋ አቅም የላትም፣ ልጆች አሏት፣ ትደክምና ትተወዋለች አለ።

ይህን የተናገረው ያ ዓይኑን ጨፍኖ የጸለየው ሰው ነው። ወገኖቼ፣ በዚያው አፍ!

ነርሷ ግን፣ «ጌታዬ» አለችው፣ «እርስዎ ሴትዮዋን አያውቋትም። እኔ ግን ከግድግዳው ማዶ ነኝ። ስታለቅስ እሰማታለሁ።» ስልኩንም ዘጋችው።

በማግስቱ በኀፍረት ተሸማቅቃ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ተመለሰች። አቶ ኤርሲዶ ብዬሽ አልነበረም አላሏትም። ጃንጥላቸውን አነሡና ነይ ሰፈሩን አሳይኝ አሏት። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ቤት ነው። ጸሐፊው የዕድሩን መዝገብ አወጡ። ገለጡት። «ጌዲዮን፣ ከባለቤቱ ከብርቄ ጋር» ይላል፤ የገቡበት ቀን ሳይቀር ተጽፏል። ከቢሮው ተነሥተው ይህን እስኪያነቡ ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀባቸው።

ሃያ ደቂቃ! ሁለት እናቶችን ለስምንት ወር ያስለቀሰው ነገር በሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። እናት አልኩ፤ ነርሷ አልወለደችም፣ ግን የስንቱን ልጅ እትብት ቈርጣለች።

ነርሷ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ደግማ አነበበችው። መንገድ ላይ ሲመለሱ አቶ ኤርሲዶን፣ ይህ መዝገብ ፍርድ ቤት ከቀረበ ቤቱን አጣለሁ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ታጪዋለሽ» አሏት። «አልዋሽሽም።»

«እንግዲያው እኔው ላቅርበው» አለች።

ያን ዕለት የብርቄን በር አንኳኳች። በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ነርሷ የብርቄን ክስ መቃወም ተወች፤ ብርቄም ባሏ የት እንደሚገኝ የምታውቀውን ሁሉ ለአቶ ኤርሲዶ ተናገረች። ሽያጩ ፈረሰ። ቤቱ ለብርቄና ለልጆቿ ጸና። ጌዲዮን በዚያ ገንዘብ የገዛው ሚኒባስ ተገኝቶ ታገደ፤ በፍርድ ተሸጠ። ነርሷ ያገኘችው ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። የቀረው ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌሊትና ቀን የሠራችበት ነው፣ ቀረ።

ዛሬ ነርሷ በዚያው ቤት ናት፤ ከብርቄ አንዱን ክፍል ተከራይታ። ወዳጆች ሆኑ ብዬ አላሳምርላችሁም። ይከባበራሉ። ትንሿ ልጅ ስትታመም ማንን እንደሚጠሩ ያውቃሉ።

ያ ሽማግሌስ? አሁንም ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔ ራሴ ሄጄ፣ አንድ ቀን ይቅርታ ጠይቀሃታል ወይ አልኩት። እኔ በቅንነት ነው ያገናኘኋት አለኝ። በቅንነት! አንድ ቀን አብሯት አልሄደም፣ አንድ በር አላንኳኳም፣ ይህን ቅንነት ይለዋል።

ወገኖቼ፣ ቤት የምትገዙ አላችሁ። ስሙኝ፤ ይህን ከመድረክ ለመናገር አላፍርም። ከቤቱ ደጅ ድረስ በእግሩ የሚሄድላችሁን፣ የሰፈሩን ሰው በስም የሚያውቀውን፣ ቢያጠፋ ነገ ገበያ ላይ ዓይናችሁን የሚያየውን ጠበቃ ያዙ። ዐሥር ቀን ስጡኝ ካለ ስጡት። ምንጣፉ አያታልላችሁ። ጸሎቱም አያታልላችሁ፤ ጸሎት የሥራ ምትክ ተደርጎ አልተሰጠንም።

ግን ዛሬ ቤት የማትገዙት ይህ አይመለከተንም ብላችሁ ነው የተቀመጣችሁት? ከእናንተ መካከል ጐረቤቱን ሳይጠይቅ ስለ ጐረቤቱ የፈረደ የለም? ሰው የነገረውን ብቻ ይዞ ወንድሙን ሰላም ያሳጣ የለም? ልጁን ሲድር የሙሽራውን ዲግሪ አይቶ ቤቱን ያልጠየቀ የለም? አምላክ በእኛ ላይ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ማን ይተርፍ ነበር? እሱ የእኛን ነገር ከላይ ሆኖ አንብቦ አልፈረመም። ወረደ። በመካከላችን ኖረ። የምንበላውን በላ፤ ስናለቅስ ቀርቦ ሰማን። እኛ ተከታዮቹ ነን ባዮች ግን ሁለት ሰፈር መሻገር ይከብደናል!

ከእናንተ አልለይም። ይኸው በኪሴ አንድ ደብዳቤ አለ። ከእኛው ቤተ ክርስቲያን የአባላት መዝገብ አንድ ቤተሰብ ይሰረዝ ይላል፤ አምስት ወር አልታዩም ተብሎ። ስማቸውን አላነብም። ሦስት ሽማግሌዎች ፈርመውበታል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። ትናንት ሦስቱንም ለየብቻ ጠየቅኋቸው፤ ቤታቸው የት ነው? አልኳቸው። አንዱም አላወቀም። ሦስት ፊርማ፣ አንድ እግር እንኳ የለበትም!

ታመው ይሁን፣ ተርበው ይሁን፣ በእኛ አዝነው ይሁን፣ አላውቅም። እኔም አልሄድኩምና እኔም ተከሳሽ ነኝ። ዛሬ ግን አልፈርምም። ጠይቄ ሰፈራቸውን ደርሼበታለሁ፤ ከድልድዩ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ነው አሉኝ። ቡራኬው እንዳበቃ ወደዚያ እሄዳለሁ። የፈረማችሁት ሦስታችሁ አብራችሁኝ ትመጣላችሁ፤ ልመና አይደለም። ሌላው መምጣት የሚወድ ቢኖር መንገዱ ጭቃ ነውና ጫማውን ይጠንቀቅ።

እንነሣ፣ እንሂድ።