ፊታውራሪን የማይፈራ ዋስ

ፊታውራሪ አጥናፌ የገበያ ዳሩን ቤታቸውን ሊሸጡ ተነሡ። ያንኑ ቤት ቀድሞ ለአንድ ሸማኔ ሸጠው፣ ዓመት ሳይሞላ «የአባቴ ርስት ነው» ብለው እንደነጠቁት አገር ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም። የአሁኗ ገዢ እዚያው ቤት ተከራይታ ጠላ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከዚያ ብትወጣ መግቢያ የላትም።

ሽማግሌዎቹ እልፍኝ ተሰብስበው ውሉ ሊታሰር ሲል ሴትዮዋ «ዋስ ይጥሩልኝ» አለች።

ፊታውራሪ ከተደገፉበት መከዳ ቀና አሉ። «እኔ? ዋስ? እኔ የሸጥኩትን ቤት ማን ወንድ ነው የሚነካብሽ?»

«ማንም አይነካውም፣ ጌታዬ። ሌላ ሰው ቢነካውማ ለእርስዎ እጮሃለሁ። እርስዎ የነኩት እንደሆነስ ለማን ልጩህ? እርስዎን የማይፈራ ዋስ ይሁንልኝ።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ፊታውራሪ ግን ነገሩ ደስ አላቸውና ከት ብለው ሳቁ።

«በዚህ አገር እኔን የማይፈራ ሰው አግኝተሽ ዋሴ ባላደርገው፣ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያስ ሩቅ አያስኬደንም፤ ባለቤትዎን ከጓዳ ያስጠሩልኝ።»