የዳይሬክተሩ አንዷ ማዕድ

በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ቦርጫቸው ከራሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ አቶ ይመኑ የሚባሉ ዳይሬክተር ነበሩ። አንድ ቀን ተማሪዎቹን ሰበሰቡና፣

«እኔ በቀን አንዴ ብቻ በልቼ ይኸው ወፍሬ አምሮብኛል፤ እናንተ ሦስቴ እየበላችሁ ትከሳላችሁ። የሚያከሳችሁ መብል ማብዛት ነው! ከዛሬ ጀምሮ ቁርስና እራት ቀርቷል። የሚቃወም ፍራሹን ጠቅልሎ ይውጣ!» አሉ።

አጥንቷ የሚቆጠር አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሰምታ ነገሩን አመዛዘነች። ዝም ብትል ረሃብ ነው፤ ብትቃወም መባረር። እጇን አወጣች።

«አንቺ ደግሞ ልትቃወሚ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ጋሼ! ብቻ እንለዋወጥ። የእኛን ሦስቱን እርስዎ ይብሉና ይክሱ፤ የእርስዎን አንዷን ማዕድ ለእኛ ይስጡን። ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ትበቃለች።»