ብቻውን የቆመው ቆዳ

አንድ ኮርቻ ሠሪ ነበረ። የእሱን ነገር የማጫውትሽ፣ ዘቢደር፣ ዛሬ ከክፍል ስንወጣ «ቲቸር፣ ወገቤ እስኪሻለኝ ትምህርቱን ትቼ ቤት ልተኛ?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ሰውየው ገና ሠላሳ አልሞላውም። ጠዋት ጠዋት ግን ልክ እንዳንቺ ወገቡ እንደ እንጨት ይደርቃል። እስኪረፍድ ድረስ ቀና ማለት ያቅተዋል። ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ መርምራ «የጀርባ አጥንትህ መገጣጠሚያዎች እየተቆጡብህ ነው። ሥራህ አላመጣብህም፣ አንተም አላጠፋህም። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ውሰድ፤ ደግሞ ተንቀሳቀስ» አለችው።

መድኃኒቱን ወሰደ። መንቀሳቀሱን ግን ማን ይፍቀድለት? ሚስቱ ትሳሳለታለች። ውሃ የምታቀርብለት እሷ፣ ጫማውን የምታስርለት እሷ። ጎረቤቱ ሳይቀር «አርፈህ ተኛ አንተ ሰው» ይለዋል። እሱም ብንቀሳቀስ የሆነ ነገር ይሰበርብኛል ብሎ ፈራ። ተኛ። በተኛ ቁጥር ባሰበት። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «እንዲህ ደርቄ ልቀር ነው፤ ኮርቻ መሥራትም በቃኝ» ማለት ጀመረ።

ከመታመሙ በፊት ማልፋት የጀመረው የበሬ ቆዳ ነበረው። ቆዳ ቅባት ተቀብቶ በእግር ካልተረገጠ አይለሰልስም። ሚስቱ ግን ማንም እንዳይነካበት ብላ ጠቅልላ ጥግ አስቀምጣለት ነበር። አንድ ቀን ቤት ስትጠርግ አወጣችው። ለቀቅ ብታደርገው አልወደቀም። ብቻውን ቆመ።

ቆዳውን አየችው። ባሏንም አየችው።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የደረቀው?»

«ሳይረገጥ ከርሞ ነዋ።»

«ለሱ አስቤ እኮ ነው ያስቀመጥኩት» አለች። «ለካ አንተንም እኔው ነኝ ያደረቅኩህ። በል ተነስ፣ ቆዳህን እርገጥ።»

«ያመኛል እኮ።»

«ቀስ እያልክ። አብሬህ እረግጣለሁ። በሠርጋችን ቀን እንኳን እስክስታ አቅቶህ ያዋረድከኝ ሰው ነህ፣ ዛሬ ካሰኝ።»

ቆዳውን ውሃ አርከፍክፋ፣ ቅባት ቀብታ አነጠፈችው። እጁን ያዘችው። የመጀመሪያው ቀን ጥቂት ረግጦ ተቀመጠ። በማግስቱ ትንሽ ጨመረ። ሕመሙ ያገረሸ ቀን ቆዳውን ትቶ በቀስታ ይንጠራራል፣ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ሕመሙ ጠፋ አልልሽም። መድኃኒቱንም አልተወም። ግን እስኪረፍድ ይቆይ የነበረው ድርቀት ሻይ እስኪፈላ ብቻ ሆነ። ከቆዳውም ኮርቻ ወጣ።

እና ዘቢደር፣ ወገብሽ እንደዚያ ቆዳ ነው። መፍራትሽን አውቃለሁ፤ እሱም ፈርቶ ነበር። እናትሽ «ተኚ» ስትልሽ ስለምትሳሳልሽ ነውና አታኩርፊያት፤ ይልቅ ይሄን አጫውቻት። መድኃኒትሽን ዋጪ፣ ሐኪምሽ ያሳየሽን እንቅስቃሴ ሥሪ፣ ያገረሸብሽ ቀን ቀስ በይ። ግን ትምህርት ቤት እንዳትቀሪ። እጅሽን ማውጣት የጀመርሽው እኮ ገና ዘንድሮ ነው። ተቀምጠሽ ሲደርቅብሽ ሳታስፈቅጂኝ ተነሺ፣ ሰሌዳውን አጥፊልኝ። ስጠይቅ ደግሞ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ይመልሱ። አንቺ ቆመሽ ነው የምትመልሽልኝ።