አንድም መልእክት ያልጠፋበት ሰርቨር

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ በሚገዛው ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ገባ። ሰርቨሩ ዋሻ ውስጥ ተተከለ፤ የሚሠራውም በመብራት ሳይሆን በአራት አህዮች ጉልበት ነበር። ፓኬት የሚባሉ ጥቃቅን መልእክቶች በሩ ላይ በደረሱ ቁጥር ደወል ይጮኻል፤ አህያ ተነሥቶ ይቀበልና ለባለቤቱ ያደርሳል። ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ማን ይመስላችኋል? አያ ጅቦ! በምን ችሎታው እንደሆነ አንበሳ ይወቅ።

የጅቦም የቀበሮም ቤት ወንዝ ዳር ነበር። ጎርፍ ሲመጣ ጉሬዛ ከተራራው ላይ የሚያስጠነቅቃቸው በዚሁ ኔትወርክ ነው።

ክረምት ሲገባ ወሬ በዛ። «እናንተ ዘንድ ዘነበ?» «ዘነበ፤ እናንተስ?» ሲባባሉ ፓኬቱ እንደ አሸን ፈላ። በረኛው አህያ አንዱን ሳያነሣ ደወሉ ለሌላው ይጠራዋል። ቀኑን ሙሉ «አቤት! አቤት!» ሲል ይውላል እንጂ የሚያደርሰው ጥቂት ነው። የቀረው በሩ ላይ እየተረገጠ ይጠፋል። የቀሩት ሦስት አህዮች ግን ጥግ ይዘው ድርቆሽ ይበላሉ።

አንበሳ ተቆጣ። «ከእንግዲህ አንድ መልእክት ቢጠፋ ቆዳህን አስገፍፈዋለሁ!»

ጅቦ ደንግጦ ቀበሮን ጠራት። እሷም አየት አደረገችና፣

«አያ ጅቦ፣ ደወሉን ዝም ያሰኙት። አህያው አንዴ ከተነሣ ያገኘውን ሁሉ በአንድ ጭነት ይውሰድ። ሦስቱም ሥራውን ይካፈሉት» አለች።

«ሦስቱን? አይሆንም! ሥራ ያከሳቸዋል» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ሌላ መላ አምጪ!»

ቀበሮ ነገሩ ገባት። «እንግዲያው በሩ ላይ ሰፊ ጎተራ ያሠሩ። ፓኬቱ እዚያ ተራውን ይጠብቃል፤ የሚጠፋ የለም።»

«መቼ ይደርሳል?» ብሎ የጠየቃት የለም፤ እሷም ሳትጠየቅ አትናገርም። የዚያኑ ዕለት ግልገሎቿን ይዛ ወደ ኮረብታ ወጣች። ስታልፍ ለሦስቱ አህዮች ለምን እንደሚቀለቡ ሹክ ስላለቻቸው ተከትለዋት ሄዱ። አራተኛው አህያ ግን ለደወሉ «አቤት!» ሲል አልሰማትም።

ጎተራው ተሠራ፤ ሞላም። ጅቦ «አንድም አልጠፋም!» እያለ በጫካው ተንጎራደደ። አንበሳም ሸለመው።

ከዚያ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ቤቱን ጠራርጎ ሲወስድበት ጅቦ የሾላ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። አህያው እስከ አንገቱ ውኃ ውስጥ ሆኖ ከች አለ።

«አያ ጅቦ፣ መልእክት አለዎት።»

«ከማን?»

«ከጉሬዛ። ‹ነገ ጎርፍ ይመጣልና ዛሬውኑ ውጡ› ይላል።»

«ይኸው! አልጠፋም አላልኩም?» አለ ጅቦ በኩራት፤ ቅርንጫፉም ተሰበረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራው ሁሉ በአንዱ ጫንቃ ላይ ተጭኖ ሌላው በሚቀለብበት ቤት ጎተራ ማስፋት፣ መልእክቱን ከመጥፋት ቢያድነውም ባለቤቱን ከጎርፍ እንደማያድነው ነው።