አያ ጅቦ ያስተማረው የፓምፕ ሙያ

አንድ ጊዜ በቆላ አገር ድርቅ ገብቶ የአውሬውም የከብቱም ጉሮሮ ደረቀ። ንጉሡ አያ አንበሶ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚስብ ባለሞተር ፓምፕ አስተከለ፤ የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ግን ጠፋ። «እኔ አሠልጥኜ አመጣለሁ!» ብሎ ብድግ ያለው አያ ጅቦ ነው። ለምን እሺ እንዳሉት እኔም እስካሁን ግራ ይገባኛል።

ለማስተማሪያ አንድ አሮጌ ፓምፕ ተሰጠው። ፓምፑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዝ የቆዳ ቀበቶ ነበረው፤ ባለሙያዎች ቺንጋ ይሉታል። ጅብና ቆዳ አንድ ቤት ካደሩ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ትምህርቱ ሳይጀመር ቺንጋው ተበላ።

ለመማር የመጣው አህያ ብቻ ነበር። ምስኪን! ከሩቅ ወንዝ ውሃ ሲያመላልስ ጀርባው ገጥቧል፤ ከሸክም የሚገላግለው ይህ ሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ፣ በሩ ሥር ተቀምጦ ተማረ።

«የኔታ፣ ሞተሩና ፓምፑ በምን ይገናኛሉ?» ሲል ጠየቀ።

«ጎረቤታሞች አይደሉም እንዴ? በጉርብትና ነዋ! ዝም ብለህ ሸምድድ» አለው ጅቦ።

አህያ ምንም አልገባውም፤ ግን ሸመደደ። ፈተናውን ጅቦ ራሱ አወጣ፣ ራሱም አረመ። አህያ ብቻውን ተፈትኖ አንደኛ ወጣና ምስክር ወረቀቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

እዚያ ሲደርስ እናቶች ግልገሎቻቸውን ይዘው ተሰልፈው ይጠብቁታል። ፓምፑን ዞሮ ዞሮ አየው። አንድ ያልተማረው ነገር ተጠምጥሞበታል። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለና ቺንጋውን ፈትቶ ወደ መምህሩ ሮጠ።

«የኔታ፣ ይህን ትርፍ ነገር ምን ላድርገው?»

«ትርፍ ከሆነማ ለእኔ ተወው» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

አህያ ተመልሶ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ አገር ይያዝልኝ ብሎ ጮኸ፤ ውሃ ግን ጠብ አላለም። ግልገሎቹ አለቀሱ፤ አንበሳውም አገሳ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ምን አጠፋሁ? የተማርኩትን ነው የሠራሁት! አንደኛ ነው የወጣሁት!» አለ አህያ ምስክር ወረቀቱን እያሳየ። አንጀት ይበላል፤ እውነቱን እኮ ነው።

ነገሩ የገባት እመት ቀበሮ ጩኸቱን ሰምቶ ወደመጣው ጅቦ ጠጋ አለች። «አያ ጅቦ፣ መቼም ቆዳ እንደ አንተ የሚያውቅ የለም። የትምህርት ቤቱ ቺንጋ ይሻላል ወይስ የዚህኛው?»

«የዚህኛው ለስለስ ይላል፤ የዚያኛው ግሪስ በዝቶበት ነበር» አለ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ።

አንበሳው ፈረደ፦ «ሌላ ቺንጋ እስኪገኝ ድረስ ከወንዝ ውሃ የምትቀዳው አንተ ነህ።»

«እሺ ጌታዬ፤ ግን መንገዱን አላውቀውም» አለ ጅቦ።

መንገዱን የሚያውቅ ማን አለ? ሁሉም ወደ አህያ ዞሩ። አህያም ወረቀቱ አንገቱ ላይ፣ እንስራው ገጣባው ላይ ሆኖ፣ የተራበ መምህሩን ከኋላው አስከትሎ ወንዝ ወረደ።

ከዚህ የምንማረው ሙያ አስተማሪ ትምህርቱን ከሥራው ጋር ካላስተያየ፣ የእርሱን ጉድለት ተማሪው በጀርባው እንደሚሸከመው ነው።